ከስካትማን በኋላ የመጣው አልበም

ጆን ላርኪን «ኤቭሪባዲ ጃም» የተባለውን አልበሙን ያወጣው በ1996 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ጆን ላርኪን ስላችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። ስካትማን ጆን ስላችሁ ግን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያ ባርኔጣ የሚያደርገው ፂማም ሰውዬ። በዳንስ ምት ላይ፣ ቃል ያልሆኑ ድምፆችን በሚያስደንቅ ፍጥነት እያከታተለ የሚዘፍነው።

«ስካትማን» የተባለው ያ ታዋቂ ዘፈኑ በዓለም ዙሪያ ከስድስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በፈረንሳይ፣ በስዊዘርላንድና በኖርዌይ አንደኛ ወጥቷል። በእንግሊዝ ሦስተኛ ሆኗል። ከዚያ ይህ ሁለተኛ አልበም መጣ። በስዊዘርላንድ 45ኛ ደረጃ ላይ ቆመ። በጃፓን 17ኛ ሆነ። በሌላው ዓለም መውጣቱን ያወቀው ሰው ጥቂት ነው።

ስለ ስካትማን የሚጻፉ ጽሑፎች እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ ይፈጥናሉ። «ሁለተኛው አልበም እንደ መጀመሪያው አልተሳካለትም» ይሉና ወደ ሞቱ ያልፋሉ። እኔ ግን የምቆየው እዚሁ ላይ ነው። አልበሙን እወደዋለሁ። ደግሞ ያ «አልተሳካለትም» የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ላርኪን የተወለደው በ1942 በካሊፎርኒያ፣ ኤል ሞንቴ በምትባል ከተማ ነው። መናገር ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ይንተባተብ ነበር። ቀላል መንተባተብ አልነበረም። ልጅነቱ በዚህ ምክንያት ከባድ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። በ12 ዓመቱ ፒያኖ መማር ጀመረ። በ14 ዓመቱ የጃዝ ዘፋኞቹን የኤላ ፊትዝጀራልድንና የሉዊስ አርምስትሮንግን ሸክላዎች ሰማ። ስካት የሚባለውን አዘፋፈን ያወቀው ያኔ ነው።

ስካት ለማያውቅ ሰው፦ ዘፋኙ ቃል ትቶ በድምፅ ብቻ ይዘፍናል። ትርጉም አይፈልግም። ድምፁን እንደ መለከት ወይም እንደ ሳክስፎን ይጠቀምበታል፤ ዜማውንም እዚያው በዚያው ይፈጥረዋል። አርምስትሮንግ በ1926 «ሂቢ ጂቢስ» የሚለውን ዘፈን ሲቀዳ ግጥሙ የተጻፈበት ወረቀት ከእጁ ወደቀ ይባላል። ራሱም እንዲህ እያለ ይተርክ ነበር። ቀረጻው እንዳይቋረጥ በቃሉ ቦታ ድምፅ አስገባ። ታሪኩን የሚጠራጠሩ አሉ፤ ስካት ከዚያ በፊትም ነበር። ግን ያ ሸክላ ነው ነገሩን ያስፋፋው።

የኤላ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደስተኛል። በ1960 በርሊን ውስጥ፣ በብዙ ሺህ ሰው ፊት፣ «ማክ ዘ ናይፍ» የሚለውን ዘፈን እየዘፈነች ግጥሙ ጠፋት። አላቆመችም። ግጥሙ እንደጠፋት ራሱን በዜማ እየነገረች፣ አዲስ ቃል እየፈጠረች፣ የአርምስትሮንግን ድምፅ እየቀዳች ጨረሰችው። ቅጂው የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። በርሊን የምትለውን ከተማ ያዙልኝ። እንመለስባታለን።

ለሚንተባተብ የ14 ዓመት ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቃል አልወጣ ሲል የሚያፍር ልጅ ነው። አሁን ደግሞ ቃል ትተው በድምፅ ብቻ ዘፍነው የተጨበጨበላቸውን ሰዎች ሰማ።

ላርኪን የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ሆነ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በሎስ አንጀለስ ክለቦች ይጫወት ነበር። መናገር ስለሚፈራ ከፒያኖው ጀርባ ተደበቅሁ ይላል፤ በራሱ አነጋገር። መጠጥና አደንዛዥ ዕፅም ገቡበት። ጆ ፋረል የሚባል ሳክስፎን ተጫዋች ጓደኛ ነበረው። ፋረል ከታዋቂው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ከቺክ ኮሪያ ጋር የተጫወተ ትልቅ ሰው ነው፤ እሱም በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ነበር። በጥር 1986 ሞተ። ላርኪን ከዚያ በኋላ ለማቆም ወሰነ። ከሱስ ያገገመችው ባለቤቱ ጁዲ አብራው ነበረች። ቆመለትም።

በዚያው በ1986 «ጆን ላርኪን» የሚል የጃዝ አልበም አወጣ። ትንሽ ኩባንያ ነው ያሳተመው። የገዛው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ይህችን አልበም ያለ ምክንያት አላነሳኋትም። በ1995 የወጣውን «ስካትማንስ ወርልድ» ሁሉም የመጀመሪያ አልበሙ ይለዋል። አይደለም። ሰውዬው በ44 ዓመቱ አልበም አውጥቶ ማንም ሳይሰማው ቀርቷል። እንግዲህ ሁለተኛው የሚባለው ለእሱ ሦስተኛው ነው። በ1996 ሰንጠረዡ ላይ ስሙን ሲያጣው፣ ያ ስሜት እንግዳ አልሆነበትም ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በፊትም ሳይሰማ ኖሮ ያውቃል።

በ1990 ወደ በርሊን ሄደ። አዎ፣ ኤላ ግጥሙ የጠፋባት ከተማ። እዚያ የጃዝ አድማጭ ነበር። ክለብ ነበር። እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ፒያኖ ብቻ ነበር የሚጫወተው። አንድ ቀን «ኦን ዘ ሰኒ ሳይድ ኦቭ ዘ ስትሪት» የሚለውን የቆየ ዘፈን ሲዘፍን ሕዝቡ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ መዝፈኑን ቀጠለ።

ማንፍሬድ ዜሪንገር የሚባል ወኪሉ፣ የዴንማርኩ የሙዚቃ ኩባንያ የአይስበርግ ሪከርድስ ሰው፣ ይህን ስካት ከዳንስ ሙዚቃ ጋር እናዋህደው የሚል ሐሳብ አመጣ። ላርኪን አልገባውም። የጃዝ ሰው ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ አልፏል። ቢኤምጂ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ የሃምቡርግ ቢሮ ግን ሐሳቡን ወደደው። ቶኒ ካታኒያና ኢንጎ ካይስ የሚባሉ አዘጋጆች ሥራውን ያዙ።

እሱን ያስጨነቀው ዘፈኑ ሳይሆን ዘፈኑ ከተሳካ የሚመጣው ነገር ነበር። ሬዲዮ ይጠሩታል። ቴሌቪዥን ይጠሩታል። ማይክ ይደቅኑበታል። በዘፈን እንደ ልቡ የሚፈሰው ሰው «ስምህ ማን ነው?» ሲባል ሊያያዘው ነው። ያኔ ሁሉም ያውቅበታል።

መላውን ያመጣችው ጁዲ ናት። ሰዎች ከሚደርሱበት አንተው ራስህ ንገራቸው አለችው። በዘፈኑ ውስጥ ተናገረው። ተናገረውም። በ1994 መጨረሻ የወጣው ያ ዘፈን ከስካቱ መካከል በግልጽ እንግሊዝኛ ስለ መንተባተብ ያወራል። ሰው ሁሉ በሆነ መንገድ ይንተባተባል፣ እኔ ከቻልኩ እናንተም ትችላላችሁ ይላል። መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ ነበር የሄደው። ከዚያ ከአገር አገር ተዛመተ። ላርኪን ያኔ 52 ዓመቱ ነው።

ስለ ወንድሜ የምናገረው እዚህ ጋ ነው። ፈቅዶልኛል።

ታናሽ ወንድሜ ይንተባተባል። ልጅ ሆኖ እማዬ ጠበል ወስዳዋለች። አክስቶቻችን «ቀስ በል፣ ተረጋጋ» ይሉት ነበር። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን «ቀስ በል» የተባለ ልጅ ይበልጥ ይያያዘዋል። «ሙሴም እንዳንተው ነበር» የሚሉትም ነበሩ። ይህን ሲሰማ ትንሽ ደስ ይለው ነበር።

ትምህርት ቤት ትልቁ ፈተና ስም ጥሪ ነበር። «አቤት» ማለት አይችልም። እጁን ያወጣል። አንድ መምህር ግን «አፍ የለህም?» እያለ አቤት እስኪል ሌላ ስም አይጠራም ነበር። ክፍሉ ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ መሳቅ ይጀምራል። ወንድሜ ከስም ጥሪ በኋላ እንዲደርስ ብሎ ሆን ብሎ ማርፈድ ጀመረ፤ በማርፈዱ ደግሞ ተቀጣ። እኛ ቤት ይህን ያወቅነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከዚያ ታክሲ አለ። «ወራጅ አለ» ማለት ለእናንተ ምንም አይደለም። ለሱ ግን መውረጃው እየቀረበ ሲሄድ ልቡ ይመታል። «ወ» ላይ ይቆማል። ታክሲው ያልፋል። ሌላ ሰው «ወራጅ» ሲል አብሮ ይወርድና በእግሩ ይመለሳል። ይህን በዝናብም አድርጎታል።

ሲዘፍን ግን አይያያዘውም። አንድም ቀን። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘምር፣ ቤት ውስጥ ሲያንጎራጉር፣ ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሰፈር ውስጥ «ታዲያ እያወቀ ነው» የሚሉ ነበሩ። እያወቀ አይደለም። የሚንተባተብ ሰው ሲዘፍን አለመንተባተቡ በሰፊው የታወቀ ነገር ነው። ዘፈን ምት አለው፤ ቀጣዩ ድምፅ መቼ እንደሚመጣ ቀድሞ ይታወቃል። ድምፁ ይረዝማል፣ አይቆራረጥም። ትንፋሹ በቦታ በቦታው ነው። ቃል መምረጥም የለም። ንግግር ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ከመቶ አዋቂዎች አንዱ ገደማ ይንተባተባል፤ ወንዶቹ ከሴቶቹ በጣም ይበዛሉ። ሕፃናት ላይ ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል። አብዛኞቹ እያደጉ ይተዋቸዋል፤ የቀሩት አብረውት ይኖራሉ።

ስካትማንን ያገኘው ራሱ ወንድሜ ነው፤ በስልኩ። «አንቺ፣ ይሄን ሰውዬ ስሚው» ብሎ ሊንክ ላከልኝ። ዘፈኑን አውቀው ነበር፤ ልጅ ሆነን በየካሴት ቤቱ በር ላይ ይጮህ ነበር። ስለ ምን እንደሚዘፍን ግን አላውቅም ነበር። ወንድሜ ያስተዋለው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ስካቱ የተሠራባቸው ድምፆች «በ»፣ «ደ» እና «ፐ» ናቸው። ከንፈርና ምላስ ገጥመው የሚፈነዱ ድምፆች። እነዚህ ብዙ ተንተባታቢዎች የሚያያዙባቸው ድምፆች ናቸው። ሰውዬው የሚያቆሙትን ድምፆች ሰብስቦ ሮጠባቸው። መደጋገሙን ራሱን ዜማ አደረገው። ላርኪንም ትልቁን ችግሬን ወደ ትልቁ ሀብቴ ለወጥኩት ይል ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው አልበም።

1996 ለዚህ ዓይነት ሙዚቃ ጥሩ ዓመት አልነበረም። ከ90ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አውሮፓን ያጥለቀለቀው ፈጣኑ የዳንስ ስልት እየደከመ ነበር። ጭፈራ ቤቶች ወደ ሌላ ድምፅ እየሄዱ ነው። ሮበርት ማይልስ ቃል የሌለው፣ በፒያኖ የሚንሳፈፍ ዳንስ ይዞ መጥቷል። በዚያው ዓመት በጋ ስፓይስ ገርልስ ወጡ። ወጣቱ አዲስ ፊት ፈለገ። የ54 ዓመት ሰው በባርኔጣ አንድ ጊዜ ያስደንቃል። ሁለተኛ ጊዜ «እሱን እኮ አይተነዋል» ይባላል። ይህ ከሙዚቃው ጥራት ጋር ብዙም አይገናኝም።

አልበሙ ፍጹም ነው አልልም። ካታኒያና ካይስ አሁንም አሉ፤ ምቱም አሁንም የነሱ ነው። አንዳንድ ቦታ የመጀመሪያውን ዘፈን ጥላ ትሰማላችሁ። ስካት፣ ግጥም፣ ስካት፣ መቀበያ። ኩባንያው ያንኑ ድጋሚ የፈለገ ይመስላል። እነዚያን ዘፈኖች አልፋቸዋለሁ። ስብከት የሚበዛባቸውም አሉ። ላርኪን አብሮ ስለ መኖርና ስለ ሰላም ሲዘፍን ሁልጊዜ ግጥሙ አያምርለትም።

ግን የአልበሙን ስም የያዘውን ዘፈን ስሙት። ለሉዊስ አርምስትሮንግ መታሰቢያ የተሠራ ነው። ቀድሞ በነጠላ የወጣውም እሱ ነው። በመጀመሪያው አልበም ላይም «ሃይ ሉዊስ» የሚል ዘፈን ነበር፤ ግን ከታዋቂዎቹ ኋላ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ነበር። አሁን አርምስትሮንግን ከጥግ አውጥቶ በር ላይ አቆመው። ዓለም ሁሉ «ያንን ነገርህን ድገምልን» እያለው፣ እሱ «መጀመሪያ ያስተማረኝን ሰው ላስተዋውቃችሁ» አለ።

እኔ ይህን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። በ1996 ጭፈራ ቤት ውስጥ የሚጨፍር የ18 ዓመት ልጅ አርምስትሮንግን ከየት ያውቀዋል? አርምስትሮንግ የሞተው በ1971 ነው። ላርኪን ብልጥ ነጋዴ ቢሆን ያንን ልጅ የሚስብ ወጣት ራፐር ይጨምር ነበር። እሱ ግን በ14 ዓመቱ ያዳነውን ድምፅ ይዞ መጣ። ዕዳውን በአደባባይ ከፈለ።

ከወንድሜ ጋር ስለዚህ አልበም ብዙ አውርተናል። እሱ የነገረኝን ነገር ከዚያ በኋላ ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም። «የመጀመሪያው ዘፈን ስለ መንተባተብ ነው» አለኝ። «ሰው የሚሰማን ስለ መንተባተባችን ስናወራ ነው። ያኔ ያዝናሉ፣ ያደንቃሉ፣ ያጨበጭባሉ። ስለ ሌላ ነገር ማውራት ስንፈልግ ግን ትዕግሥት የላቸውም።» ይህን ለመናገር ጊዜ ወሰደበት። እኔም አልቸኮልኩም።

በዚህ ዓይን ስታዩት «ኤቭሪባዲ ጃም» ሌላ አልበም ይሆናል። ዋናውን ዘፈኑን ስለ ምላሱ አላደረገውም። ጨርሶታል፤ ተናግሮታል፤ ስድስት ሚሊዮን ጊዜ ተሽጦለታል። አሁን ስለሚወደው ሙዚቃ ማውራት ፈለገ። ስለሚያምንበት ነገር። «ኢንቪዚብል ማን»፣ የማይታየው ሰው የሚል ዘፈን አለበት። ይህን ርዕስ ባየሁ ቁጥር ከስም ጥሪ የሚሸሽ ልጅ ትዝ ይለኛል፤ ዘፈኑ ስለሱ ባይሆንም። የምለው ይህን ነው፦ አንድ ሰው ሃምሳ ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ መናገር ሲጀምር፣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩ ከመጀመሪያው የበለጠ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ማስተዋወቂያ ነው። ወሬው ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ሕዝቡ ግን ማስተዋወቂያውን ሰምቶ ሄደ።

ጃፓኖች አልሄዱም። ስለ ጃፓን ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ይህን ክፍል እንደ ቀልድ ስለሚያወራው።

«ስካትማንስ ወርልድ» ጃፓን ውስጥ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ስካትማን እዚያ አገር የልጆችም የአዋቂዎችም ወዳጅ ሆነ። አሻንጉሊት ተሠራለት። ግሊኮ የሚባለው ድርጅት ለፑዲንግ ማስታወቂያው ዘፈን አሠራው። አልትራማን ከተባለው የጃፓን የቴሌቪዥን ጀግና ጋርም ተጣምሮ ዘፈነ። ሁለተኛው አልበም በጃፓን ሲወጣ ሌላው ዓለም ያላገኛቸው ተጨማሪ ዘፈኖች ነበሩበት።

«የጃዝ ሰውዬ ፑዲንግ ሸጠ» ብሎ የሚያዝን አለ። እኔ አላዝንም። ጃፓን ውስጥ አብዛኛው አድማጭ እንግሊዝኛውን በደንብ አይሰማም። ግን ስካት ትርጉም አይጠይቅም። ሕፃን ልጅ እሹሩሩ ሲባል ቃሉን ተርጉሙልኝ አይልም፤ ድምፁን ያውቀዋል፤ ይበቃዋል። የጃፓን ልጆች ላርኪንን የሰሙት እንደዚያ ነው። ቃል አስጨንቆት ለኖረ ሰው፣ ቃሉን ሳይሰሙ የሚወዱት ሕዝቦች ማግኘት እንደ ውርደት አይቆጠርም። ልጆች ዘፈኑን ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ ለደቂቃም ቢሆን ሕይወት መጥፎ እንዳልሆነች እንዲሰማቸው ተስፋ እንደሚያደርግ ተናግሮ ነበር። ታዲያ ፑዲንጉ ምን ያስከፋል?

ዘፈኑ በሌላው ዓለም ሲቀዘቅዝ ላርኪን ቃለ መጠይቁን አላቆመም። እኔ እዚህ ላይ በጣም አከብረዋለሁ። እነዚያን የድሮ ቪዲዮዎች ፈልጋችሁ እዩ። ይያያዘዋል። ፊቱ ይጠብቃል፣ ዓይኑ ይጨፈናል፣ ቃሉ ይዘገያል። ጋዜጠኛው ቃሉን ሊጨርስለት ይዳዳዋል። እሱ ግን አያፍርም። ይጨርሰዋል። በፊት ከፒያኖ ጀርባ የተደበቀው ሰው ነው ይሄ። ዘፈን የሚያድነው ሆኖ ሳለ፣ በማያድነው በንግግር መንገድ ወጥቶ መንተባተቡን አሳየ። ለሚንተባተቡ ሰዎች ላደረገው ነገር የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር በአኒ ግሌን ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሸለመው። አኒ ግሌን የጠፈርተኛው የጆን ግሌን ባለቤት ነበረች፤ እሷም ለብዙ ዘመን በጣም ትንተባተብ ነበር።

ወንድሜ እነዚያን ቃለ መጠይቆች ከዘፈኖቹ ይበልጥ ያያቸዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያቀርብ ሲዘጋጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያያቸው አደረ። ጠዋት ከመምህራኑ ፊት ሲቆም መጀመሪያ ያለው «እኔ እንተባተባለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ» ነው። ይቺን ከጁዲ ነው የወሰዳት ማለት ነው፤ ከሚደርሱብህ አንተው ንገራቸው። ሰጡት። ጨረሰ። ጥያቄ ሲጠይቁት ስለ መንተባተቡ አልጠየቁትም፤ ስለ ሥራው ጠየቁት። ከዚያ ሁሉ ደስ ያለው በዚህ ነው። እኔም ስካትማን ከሁለተኛው አልበሙ የፈለገው ይህን ይመስለኛል፤ ስለ ሥራው መጠየቅ።

ላርኪን አንድ አልበም ጨመረ። «ቴክ ዮር ታይም» ይባላል፤ በ1999 አጋማሽ ላይ ወጣ። የሳንባ ካንሰር ይዞታል። ሥራ እንዲቀንስ ተነግሮት ነበር። ቀረጻውን ግን ጨረሰ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 በሎስ አንጀለስ አረፈ። 57 ዓመቱ ነበር። መጨረሻው አካባቢ በጣም ጥሩ ሕይወት እንደኖረ፣ ውበትን እንደቀመሰ ተናግሯል። ዝና ያገኘበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ አምስት ዓመት ገደማ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሦስት አልበም ሠራ። በ2019 ዘፋኙ ሉ ቤጋ የድሮውን ዘፈን አንስቶ እንደገና ሠርቶታል፤ የስካትማንም ድምፅ አለበት። ሰው አሁንም የሚመለሰው ወደዚያችው አንዲት ዘፈን ነው። ቅር አይለኝም፤ ዘፈኗ ይገባታል።

ግን ጊዜ ካላችሁ ሁለተኛውን አልበም ስሙት። የሚቻል ከሆነ የጃፓኑን እትም ፈልጉ፤ ተጨማሪዎቹ ዘፈኖች፣ የፑዲንጉም ጭምር፣ እዚያ ላይ አሉ። በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙት፤ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ ስካቱ ውስጥ ትንፋሽ የሚወስድባቸው ቦታዎች እንዲሰሙ። እኔ የምጀምረው ስሙን ከያዘው ዘፈን ነው። ወንድሜ ግን መጀመሪያ አርምስትሮንግን ስሙ ይላል፤ የ1926ቱን «ሂቢ ጂቢስ»፤ ከዚያ ኤላን ከበርሊን፤ ከዚያ ስካትማንን። የሱን ተከተሉ። ከእኔ ይሻላል።